የማራገፊያ ገንፎ

ኢንጂነር ኤልፒዲዮ ካቱንጋል ሞቶ የተገኘው በሌለ ግንብ ሥር ነው።

ቀልድ አይደለም። ወንዙ ዳር የተተከለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ከንቲባ ሮሜል አርሴጋ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ቆሟል፤ ከአገጩ ሥር «የጎርፍ መከላከያ ግንቡ ተጠናቋል፤ ከከንቲባችሁ ለሳንታ ብሪሂዳ ሕዝብ የተበረከተ» የሚል ተጽፏል። ከሰሌዳው ሥር ያለው ግን ጭቃ፣ ቄጠማና አንድ የተገለበጠ ጀልባ ነው። ከተጠናቀቀ ሦስት ዓመቱ ነው አሉ። እኔ ፔርሊታ ማካራዬግ እዚሁ ወንዝ ዳር ተወልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት አገልግዬ፣ አንዲት ጡብ አላየሁም።

«ከኋላው ነው የመቱት፣ አለቃ» አለኝ ሳጅን ኦንቶይ። ሆዱን እየደገፈ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሏል። «በድንጋይ ይመስላል። ከዚያ ፊቱን ውሃው ውስጥ ደፍተው ይዘውታል።»

«ደብተሩስ?»

«የለም። ኪሱ ተገልብጧል።»

ካቱንጋል ከዚያ ደብተር ተለይቶ አያውቅም። ግንቡ አልቋል ብለው ከፈረሙት መሐንዲሶች አንዱ እሱ ነበር። ሰሞኑን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ጸጉር ቤት ቁጭ ብሎ «ሐሙስ ማኒላ ሄጄ ለግንቡ ገንዘብ አጣሪዎች እመሰክራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በገዛ እጄ እለካዋለሁ» ብሎ ለፈፈ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ጸጉር ቤት አይወራም። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜትሩን ይዞ ሲወርድ ዓሣ አጥማጆች አይተውታል፤ ሁለት ሰዓት ላይ ሬሳው ተገኘ።

ያገኘው ጋሽ ቴዮ ነው። ሽማግሌው የተገለበጠው ጀልባ ላይ እጁን ታስሮ ተቀምጧል፤ ኦንቶይ ከእሱ የቀማው ቆንጨራ በደም ተለውሷል። አምና ጎርፉ የሰባት ዓመት የልጅ ልጁን ኒንፋን ሲወስድበት፣ የካቱንጋል በር ላይ ቆሞ «የፈረምክበት እጅ ይቆረጥ! እገድልሃለሁ!» ብሎ ሲጮህ ከተማው በሙሉ ሰምቷል።

«እኔ ብገድለው ኖሮ ሰው ጥሩ ብዬ እጮህ ነበር?» አለኝ።

ቆንጨራውን አገላብጬ አየሁት። ደሙ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል። የካቱንጋል ራስ ደግሞ ተፈነከተ እንጂ አልተቆረጠም። ለኦንቶይ ይህንኑ እየነገርኩት ስልኬ ጮኸ። የጣቢያችን አዛዥ ነው።

«ተጠርጣሪ ይዛችኋል አሉኝ፣ እሰይ! በቃ አትድከሚ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከክፍለ ሀገር መጥተው ይወስዱታል።»

«ጌታዬ፣ ሰውዬው ገና—»

ዘጋብኝ። ኦንቶይ ቀና ብሎም አላየኝም። በዚያ የክፍለ ሀገር ፖሊስ መኪና ላይ ከወጡት የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች አንዳቸውም ክፍለ ሀገር አልደረሱም። ሪፖርቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ተጠርጣሪው መንገድ ላይ መሣሪያ ሊቀማ ሲል ተመቶ ሞተ። ለጋሽ ቴዮ የቀረው ስምንት ሰዓት ነው።

*

«ቀጥታ ጣቢያ አንገባም እንግዲህ» አለ ኦንቶይ፣ ሽማግሌውን በሌላ መኪና ከላክን በኋላ።

ከሬሳ ዘንድ የመጣ ሰው ቀጥታ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ሥራው አይገባም። መንገድ ላይ አንድ ቦታ አረፍ ብሎ ያራግፋል፤ ሙቱ እዚያው ግራ ገብቶት እንዲቀር፣ ተከትሎ በር እንዳያንኳኳ። እኔ አላምንም እላለሁ፤ ግን አንድ ቀንም ሳላራግፍ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።

የእማማ ባሲሊያ የሩዝ ገንፎ ቤት አራት እንጨትና አንድ ሸራ ነው። ሴትዮዋ ሰማንያን አልፋለች፤ ዓይኖቿን ሞራ ሸፍኗቸዋል። ለታላቅ ሰው በአገራችን ወግ እንደሚደረገው፣ እጇን ተቀብዬ ግንባሬ ላይ አስነካሁት።

«ፔርሊ ነሽ? ከማን ሬሳ ነው? ኧረ ዛሬ ምን ጉድ ነው! ሰው ሁሉ የሚያራግፈው እኔ ላይ ነው? የአገሩን ሙታን ሁሉ እኔ ላሳድር?»

«ሰው ሁሉ ማለት?»

«ጠዋትም አንዱ መጥቶ ነበር። ጫማውን በዕቃ ማጠቢያ ውሃዬ አጥቦ፣ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ተወው። ሊበላ የመጣ ሰው እንደዚያ ያደርጋል? የማን ለቅሶ ነው ብለው የሩቅ ዘመድ አለኝ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እንዳበቃ። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

ኦንቶይ ማንኪያውን አፉ ጋ አድርሶ አቆመው።

«ማን ነበር፣ እማማ?»

ጭልፋዋ ድስቱ ውስጥ ቀጥ አለ። «ዓይኔን እያየሽው ልጄ! የዝናብ ልብስ ለብሷል። ከውስጥ ባሮንግ አለ፤ የአናናስ ጨርቁ ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ። ሌላ አላውቅም።» ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታን እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች።

ዛሬ የቋንቋና የባህል ቀን ነው። ያን ጥልፍ ሸሚዝ ለብሶ የወጣው የከተማው ባለሥልጣን ሁሉ ነው።

«ኦንቶይ፣ ሂድና ቄሱንም ሬሳ ሳጥን ሠሪውንም ጠይቅ። በዚህ ሳምንት ማን ሞተ?»

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ተመለሰ። «ማንም። ለቅሶ ከጠፋ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ከወንዙ ማዶም የለም።»

ሬሳው ከመገኘቱ አንድ ሰዓት በፊት አንድ ሰው ሙት አራግፏል።

*

እውነቱን ልናገር፣ ገዳዩ ከንቲባው እንዲሆን ፈልጌ ነበር። እንዲሆንልኝ ተመኝቼ ነው ቢሮው የገባሁት።

አርሴጋ ነጭ ባሮንግ ለብሶ ከባንዲራው ሥር ተቀምጧል። አንዲት የጭቃ ነጥብ የለችበትም።

«ኢንስፔክተር፣ ገዳዩ ታስሯል አይደል? ታዲያ እዚህ ምን እግር ጣለሽ?»

«ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት የት እንደነበሩ ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

ሳቀ። «ሬዲዮ የለሽም?»

ሬዲዮስ አለኝ። በዚያን ሰዓት የደረቀ ዓሣ እየጠበስኩ በቀጥታ ሲተላለፍ የሰማሁት እሱን ነው፤ ፊሊፒኖ መሆን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ሲያስተምረን። አንጀቴ ቅጥል ብሎ ድምፁን ቀንሼው ነበር እንጂ፣ እሱ ነበር።

«አየሽ፣ እኛ ውለታ የማንረሳ ሕዝብ ነን» አለኝ እየተነሳ። «ልጅሽ የከተማችን ግምጃ ቤት ውስጥ ነው አይደል የምትሠራው? ጎበዝ ናት ይሉኛል። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲከብድሽ የክርስትና አባትሽን ጠይቂ። ሃሲንቶ ይመክርሻል።»

በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወጣሁ።

*

ምክሩ ባያስፈልገኝም የክርስትና አባቴን ማየት አማረኝ። ሃሲንቶ ላክሳማና የከተማችን መሐንዲስ ነው፤ ካቱንጋልን እንደ ወንድሙ ነው የሚያውቀው። አባቴ ሲሞት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ፣ ደንብ ልብሴን ያሰፋልኝ፣ ስዳር አባት ሆኖ የቆመው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የባህል ቀኑን የሚያዘጋጀውም እሱ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከልጆቹ መሃል አገኘሁት፤ ቀይ የገበሬ ሱሪና የገለባ ባርኔጣ አድርጓል። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ አልደረሰም። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቄ መጣ።

«አባባ፣ ይሄ የማን ሱሪ ነው?»

«የባህል ልብስ በልክ አይሰፋም፣ ልጄ» አለኝ፤ እጁን ተቀብዬ ግንባሬ ላይ ስደግፍ። «ስለ ኤልፒዲዮ ሰማሁ። ምን ዓይነት ቀን ነው።»

«ጠላት ነበረው?»

«ከቴዮ ሌላ? እንጃ። ያሳዝናል፤ ሽማግሌው ልቡ ተሰብሮ ነው።» በአጠገባችን ጥርስ የሌላት የግቢው ጽዳት ሠራተኛ ስታልፍ ወሬውን አቋርጦ ጎንበስ አለ፣ እጇንም ግንባሩ ላይ አስነካ። የስልሳ ስድስት ዓመቱ መሐንዲስ ነው። አርሴጋና ጭፍሮቹ ለድሃ አሮጊት ጎንበስ ማለት ከተዉ ስንት ዘመናቸው። «ፔርሊ» አለኝ ቀና ብሎ፣ «አንዳንዱን ነገር እግዜር ይፍረደው። አንቺ ልጅ አለሽ።»

እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያኔ ስለ እኔ የፈራ መሰለኝ።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለጋሽ ቴዮ ሩዝና ዓሣ አስገባሁለት። አልነካውም።

«ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ይብሉ፣ ጋሼ።»

«መኪናው መጣ ወይ ነው የምልሽ።» ሳህኑን በታሰሩ እጆቹ ገፋው። «እኔስ ኖሬያለሁ። ኒንፋን ያሰጠመው ሰው ገዳይ ሳይባል፣ እኔ ገዳይ ተብዬ ልቀበር ነው? እናቷ ይሄን ትስማ?»

ስወጣ፣ እንዲያው በልማድ፣ የታሰረ እጁን ተቀብዬ ግንባሬ ላይ አስነካሁት። እስረኛም ቢሆን ሽማግሌ ነው፤ ሳልቀበል ማለፍ አልችልበትም። እጄ ሳያስበው ነው የሠራው።

በሩ ላይ ደርሼ ድርቅ አልኩ።

የሬሳ ፍርሃት ልቡን አሸብሮት፣ ጫማውን እያጠበ፣ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ የሄደ ሰው... ሰማንያ ዓመት ካለፋት ሴት ፊት ሲቆም እጁ ሳያስበው ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ምንም አያደርግም። አንዳንዱ ግን ሌላ አያውቅበትም።

ያ አጭር ሱሪ ትዝ አለኝ። ለጽዳት ሠራተኛዋ ጎንበስ ያለው ግንባርም።

*

«እማማ ባሲሊያ፣ ያ ሰውዬ እጅሽን ተቀብሎሽ ነበር?»

እሳቱን ትታ ቁጭ አለች። እንባዋ በሞራው ውስጥ አልፎ ወረደ።

«ምነው በዚህ መጣሽ?»

«ንገሪኝ።»

«በዚህ ዘመን ለእኔ ጎንበስ የሚል ባለሥልጣን ስንት አለ? ግንባሩ በረዶ ነበር፣ ልጄ። ገና ሲነካኝ አወቅሁት። ባሌ የሞተ ጊዜ ሳጥኑን የገዛልኝ እሱ ነው፤ እንዴት ብዬ ልናገር?» ክንዴን ጨመቀችው። «አንቺስ? አንቺስ እንዴት ብለሽ ትይዥዋለሽ?»

በእግሬ እየሮጥኩ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዳይሬክተሯ ያለማንገራገር ነገረችኝ፦ በፕሮግራሙ ላይ አባባ ሃሲንቶ በባሮንግ ንግግር እንዲያደርጉ ነበር የተያዘው። አንድ ተኩል ላይ ግን በዝናብ ልብስ መጥተው፣ ከልጆቹ የጭፈራ ልብስ ሳጥን ውስጥ ያን ቀይ ሱሪ አውጥተው ለበሱ። ሁሉም ሳቀ።

*

ቢሮው ውስጥ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ብቻውን ተቀምጧል። እጁን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። ቀስ ብሎ መለሰው።

«አባባ፣ መሳቢያውን ይክፈቱልኝ።»

ከፈተው። ጭቃ የነካው ባሮንግ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በውስጡ የካቱንጋል ደብተር አለ፣ ገና አልደረቀም።

«ላቃጥለው ነበር» አለኝ። «እርጥብ ስለሆነ አልነድ አለኝ።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ በንጹሕ የመሐንዲስ ጽሕፈት «ርዝመት፦ ዜሮ። ከፍታ፦ ዜሮ» ተጽፏል።

«ለመንኩት እኮ፣ ፔርሊ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። እኔም ፈርሜበታለሁ፣ አብረን እንጠፋለን አልኩት። ‹ልጅቷ ሕልሜ ውስጥ እየመጣች ነው፣ ሃሲንቶ፣ ልብሷ እርጥብ ነው› ብሎኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ መለካቱን ቀጠለ። የሌለ ግንብ! ምኑን ይለካል? ድንጋዩን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።»

«ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲይዙትስ?»

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አገላበጠ።

«ከንቲባው ነው የላከዎት?»

«‹ካቱንጋልን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ሃሲንቶ፤ ሐሙስ ሳይደርስ ነገሩን ጨርሰው› አለኝ። ይሄ ትእዛዝ ነው? ልጄን ሐኪም ያደረጋት እሱ ነው። የእሱን ውለታ በምን እመልሳለሁ?» ዓይኑን አነሳ። «አንቺ ራስሽ የማን ውለታ ነሽ? ያን ልብስ ማን አለበሰሽ?»

«እርስዎ ነዎት። ለዚህ ነው እያለቀስኩ የምጠይቅዎ» አልኩት፤ እውነትም እያለቀስኩ ነበር። «ጋሽ ቴዮን ሊገድሉት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። የልጅ ልጁንም እርሱንም?»

ይህቺ ነገር ሰበረችው። ወረቀትና ብዕር ሰጠሁት። ሁለት ገጽ ጻፈ፤ የሌለውን ግንብ፣ የከንቲባውን ቃል፣ ድንጋዩን። ፈረመበት። አጣጥፌ ከጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ እጁን አስሬ ጣቢያ ወሰድኩት።

*

መኪናው ሰዓቱን ጠብቆ መጣ። ጥቁር ነው፣ ሰሌዳ የለውም። እስከ አፍንጫቸው የታጠቁ ስድስት ሰዎች ወረዱ። የሚመራቸው መነጽር ያደረገ ለስላሳ አንደበት ያለው ሻምበል ነው።

«ሽማግሌው ተለቋል» አልኩት። «ገዳዩ ተገኝቷል፣ አምኗል። የከተማው መሐንዲስ ነው። ከእንግዲህ ጉዳዩ የማኒላ ነው።»

የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። ወደ ጥግ ሄዶ ስልክ ደወለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ፈገግ ብሎ ተመለሰና የመረከቢያ ማዘዣውን አሳየኝ።

«እዚህ ስም አልተጻፈም፣ ኢንስፔክተር። ‹በካቱንጋል ግድያ የተያዘው ተጠርጣሪ› ነው የሚለው። አምጪው።»

ሽማግሌውን ለማትረፍ ስሮጥ፣ ማዘዣው ላይ የማን ስም እንዳለ አልጠየቅሁም። አሁን ማኒላ ሄዶ ሊመሰክር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱን ደግሞ በገዛ እጄ አስሬ አቀረብኩላቸው።

«አልሰጥም!»

አዛዣችን ቁልፉን ከወገቤ ላይ ነጠቀኝ። ዓይኔን አላየም። ኦንቶይ በሩ ላይ ቆሞ ሊገታቸው ሞከረና በሰደፍ ሆዱን አሉት። ማኒላ ለአጣሪዎቹ ደወልኩ፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም።

አባባ ሃሲንቶ በዚያ በአጭር ቀይ ሱሪ ወጣ። መኪናውን ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ። እሱም የዚህ ከተማ ሰው ነው፤ ያ መኪና ምን እንደሆነ ያውቃል።

«ልጄ» አለኝ፣ «አትስጪኝ።»

ስድስት ጠመንጃ ነው። ምን ላድርግ? ምን ማድረግ እችል ነበር? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

አጠገቤ ሲያልፍ የታሰሩ እጆቹን ይዤ ግንባሬ ላይ አስነካሁ። በረዶ ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«የጻፍኩት ወረቀትስ?»

«ይዤዋለሁ።»

«ነገ አትበይ» አለኝ፣ ወጣም። መኪናው ወደ ክፍለ ሀገሩ አውራ ጎዳና መታጠፍ ሲገባው ወደ ወንዙ መንገድ ታጠፈ።

*

ጋሽ ቴዮ ምራቱ ክንዱን ይዛው ቤቱ ገባ። ቆንጨራውን መለስኩለት። እኔም የማኒላውን አውቶቡስ ከመሳፈሬ በፊት ልብስ ለመቀየር ወደ ቤቴ አመራሁ።

የሠፈሬ መታጠፊያ ጋ ስደርስ እግሬ እንቢ አለኝ። ዞር ብዬ ወደ ሸራው ሄድኩ።

«ማን ነው?» አለች እማማ ባሲሊያ። እጇን ተቀበልኩ። ግንባሬን ስትነካ እጇን አልመለሰችም፤ እዚያው ይዛው ቆየች።

«አንድ ሳህን ስጪኝ፣ እማማ።»

ቀዳችልኝ። «የማን ለቅሶ ነው?»

«ገና ነው» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ማንኪያውን ሳነሳ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ። የኦንቶይ ቁጥር ነው። ገንፎውን እስከ መጨረሻው በላሁ፤ ከዚያ ነው ያነሳሁት።